ቤት የሚያልቀው፣ ሱቅ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

አሜሪካ ውስጥ "ውሻና ድመት አራቢዎችን መንግሥት ይቆጣጠር" የሚል ረቂቅ ሕግ በመጣ ቁጥር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይታያል። ተሰልፈው "አይሆንም!" የሚሉት ትልልቆቹ የቡችላ ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም። ውሻቸውን ሶፋ ላይ የሚያስተኙ፣ ድመታቸው ስትታመም እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎችም አብረው ይሰለፋሉ። እንስሳ የሚወድ ሰው እንስሳን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ለምን ይቃወማል? ጥያቄው ሲከነክነኝ ስለቆየ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ አገላበጥኩት። ዛሬ ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ውሻ ነው። በ1965 ክረምት ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ዳልሜሽን ውሻ ጠፋች። ስሟ ፔፐር ነበር። ያኔ ውሻ እየሰበሰቡ ለሕክምና ምርምር ቤቶች የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ቤተሰቡ ፔፐር እዚያ ሳትደርስ አትቀርም ብሎ ወደ ጠረጠረው ነጋዴ ግቢ ቢሄድ "አትገቡም" ተባለ። ጆሴፍ ሬስኒክ የተባሉ የኒው ዮርክ የምክር ቤት አባል ጣልቃ ገቡ። እሳቸውም እንቢ ተባሉ። በኋላ ሲጣራ ፔፐር ኒው ዮርክ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለሙከራ ቀዶ ሕክምና ውላ ሞታለች።

ሬስኒክ ወዲያው ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በየካቲት 1966 ደግሞ ላይፍ መጽሔት በውሻ ነጋዴዎች ግቢ የተነሱ ፎቶዎችን አወጣ። አጥንታቸው የሚቆጠር፣ በረሃብ ያለቁ ውሾች! አሜሪካ ተንጫጫች፤ ኮንግረስ በደብዳቤ ተጥለቀለቀ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነሐሴ 24 ቀን 1966 ሕጉን ፈረሙበት። አፈጻጸሙ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ሕግ የወለደው ማነው? የውሻ ባለቤቱ! "ውሻዬን ከነጋዴ ጠብቅልኝ" ብሎ መንግሥትን የጠራው ራሱ ነው። ነጋዴው ወዲያ ማዶ፣ ባለቤቱ ወዲህ ማዶ፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ግልጽ ነበር።

በ1970 ሕጉ ሰፋ፤ ቡችላ እያራቡ ለሱቆች በጅምላ የሚሸጡትንም አካተተ። ፈቃድ ያውጡ፣ ተቆጣጣሪ ይግባባቸው ተባለ። የችርቻሮ ሱቆች ግን ከሕጉ ውጭ ቀሩ። መሥሪያ ቤቱም ቤቱ እያራባ በቀጥታ ለገዢ የሚሸጠውን ሰው እንደ ችርቻሮ ሱቅ ቆጠረውና ነፃ ተወው። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገዢው ራሱ ሄዶ ስለሚያይ የገዢው ዓይን ተቆጣጣሪ ነው። እናቲቱን ያያል፣ ግቢውን ያያል፣ ካልጣመው ትቶ ይወጣል።

ይህ አሠራር ወደ 30 ዓመት ገደማ ብዙ ሳይነካ ኖረ። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ።

አሁን አንድ ሰው መቶ ውሻ ጎተራ ውስጥ አጉሮ፣ የሚያምር ቡችላ ፎቶ ለጥፎ፣ አይቶት ለማያውቅ ገዢ በአውሮፕላን መላክ ቻለ። በወረቀት ላይ እሱም "በቀጥታ ለገዢ የሚሸጥ" ነው፤ ፈቃድም ቁጥጥርም የለበትም። የገዢው ዓይን ከመካከል ወጣ፣ ነፃነቱ ግን ቀረ። ተዋናይትና ዘፋኟ ዶሪስ ዴይ የመሠረተችው የእንስሳት ተሟጋች ማኅበር ይህ ቀዳዳ ይደፈን ብሎ መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ። በ2003 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ለመሥሪያ ቤቱ ፈረደ። "ሕጉ ካልጣማችሁ ኮንግረስ ሂዱ" እንደማለት ነው።

ሄዱም። በ2005 ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሪክ ሳንቶረምና ዴሞክራቱ ዲክ ደርቢን አንድ ረቂቅ ይዘው መጡ። በዓመት ከ25 በላይ ውሻ ወይም ድመት የሚሸጥና ቤቱ ከ6 በላይ ወሊድ የሚያስወልድ ሰው ፈቃድ ያውጣ የሚል ነበር። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ1884 ጀምሮ የንጹህ ዝርያ ውሾችን መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ረቂቁን ደገፈ። በሥሩ ያሉት አራቢዎችና የውሻ ባለቤቶች ግን በገዛ ክለባቸው ላይ አመፁ! ደብዳቤ፣ ስልክ፣ ስብሰባ... ረቂቁም ድምፅ ሳይሰጥበት ሞተ።

ለምን ይህን ያህል ፈሩ? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛ፣ ደንቡ የተጻፈው ለጎተራ እንጂ ለሳሎን አይደለም። ፈቃድ ያለው አራቢ ውሾቹን የሚያኖርበት ክፍል ወለሉም ግድግዳውም እርጥበት የማያሳልፍ፣ ታጥቦ የሚጸዳ መሆን አለበት። ውሻዋን መኝታ ቤቷ አልጋ ሥር የምታስወልድ ሴትዮ ምን ታድርግ? ምንጣፏን ትንቀል? ውሻዋን ከቤት አውጥታ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ብታስገባት ሕጉን ታሟላለች፤ ለውሻዋ ግን የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ ነው የሚመጣው። ሱቅ ሲሆን ምንም አይደል። መኖሪያ ቤት ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ፈቃድ ያወጣ ሰው "ንግድ ቤት" ይባላል። ብዙ ሰፈር ውስጥ ደግሞ በመኖሪያ ቤት እንስሳ መነገድ በከተማው ደንብ ክልክል ነው። የፌዴራሉን ሕግ ልታከብር ስትል የከተማውን ጣስክ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ "ዛሬ 25 ይላሉ፣ ነገ 5 ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ከልካይ ይሆናሉ" የሚል። ይህ ፍርሃት ባዶ አልነበረም። በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎይድ ለቪን የተባሉ የምክር ቤት አባል፣ ከተፈቀደላቸው በስተቀር ውሻና ድመት በሙሉ ገና በወራት ዕድሜያቸው ይምከኑ የሚል ረቂቅ አመጡ። የታችኛው ምክር ቤት በጠባብ ልዩነት አሳለፈው። በጎች የሚጠብቁ፣ ከፖሊስ ጋር የሚሠሩ ውሾች የሚያሠለጥኑ ሰዎች "ተራው ውሻ ሁሉ ከመከነ ቀጣዩ ውሻ ከየት ይመጣል?" ብለው ተነሱ። ሴኔት ሲደርስ ተቃውሞው በረታ፣ አቅራቢውም ራሳቸው ሳቡት። በቀጣዩ ዓመት ተሻሽሎ ቢመጣም አላለፈም።

ግን ተቃውሞው ሁሌም ንጹህ ነበር ወይ? አልነበረም። ለዚህ ሚዙሪን ማየት ይበቃል።

ሚዙሪ በቡችላ ፋብሪካ ብዛት ስሟ የሚነሳ ግዛት ናት። በኅዳር 2010 ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ሕግ ለመራቢያ የተያዙ ውሾች በቂ ምግብ፣ ንጹህ ውሃ፣ በዓመት አንዴ ሐኪም፣ በወሊድ መካከል እረፍት ያግኙ ይላል። አንድ አራቢም ከ50 በላይ የመራቢያ ውሻ አይያዝ ይላል። ሕጉ የሚመለከተው ከ10 በላይ መውለድ የሚችሉ ሴት ውሾች ያሉትን ብቻ ነበር። ሁለት ውሻ ያላትን ሴትዮ አይነካም!

ተቃዋሚዎቹ ግን አንድ ቃል ያዙ። ሕጉ "የቤት እንስሳ"ን ሲተረጉም ቤት ውስጥ ወይም በቤት አቅራቢያ የሚኖር ማንኛውም ለማዳ እንስሳ ይል ነበር። እኛ በአማርኛ "የቤት እንስሳ" ስንል ላሟም ፍየሏም እንደምትገባ አስቡ። የሚዙሪ ገበሬም እንደዚያው ነው ያነበበው፤ "ዛሬ ውሻዬን፣ ነገ ከብቴን" አለ። ከተሞቹ ደገፉት፣ ገጠሩ በብዛት ተቃወመው፤ ሕጉ በ51.6 በመቶ አለፈ። ከዚያስ? ስድስት ወር ሳይሞላ የግዛቷ ምክር ቤት ቀየረው፤ ገዢው ጄይ ኒክሰን በሚያዝያ 2011 ፈረሙበት። የ50ው ጣሪያ ተነሳ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሰጠው ድምፅ እንዲህ ሆነ። የተጠቀመውም ባለ ሁለት ውሻዋ ሴትዮ አይደለችም። ከጀርባዋ ተጠልሎ የቆመው ባለ ሁለት መቶ ውሻው ነው።

በመጨረሻ በ2013 መሥሪያ ቤቱ ራሱ ደንቡን አሻሻለ። ሻጭ፣ ገዢና እንስሳው በአካል ሳይገናኙ የሚሸጥ ሰው ከእንግዲህ "ችርቻሮ" አይባልም፤ ፈቃድ ያውጣ። ከፈቃድ ነፃ የሚያደርገው ቁጥርም ከ3 የመራቢያ ሴት እንስሳት ወደ 4 ከፍ አለ። የአራቢዎቹ ጩኸት በዚያች አንድ ቁጥር ላይ አሻራውን ጥሏል ባይ ነኝ። ቅሬታው ግን አላበቃም። ውሻና ድመት አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ሦስት ውሻና ሁለት ድመት ያላት ሰው አምስት ሆነባት። ከ40 በላይ የውሻና የድመት ክለቦች መሥሪያ ቤቱን ከሰሱ፤ በ2014 ተረቱ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው ይህን ነው። ሕጉን የወለደውም የተቃወመውም አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ውሻውን የሚወድ ሰው። በ1966 "ነጋዴው" ሌላ ሰው ስለነበር ደገፈ። በ2005 "ነጋዴ" የተባለው እሱ ራሱ ስለሆነ ተቃወመ። መስመሩን የሚያሰምሩት ሰዎች በሳሎንና በጎተራ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያውቁት ሰዎች አስቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ብዙ ጠላት ባላፈሩ ነበር። ተቃዋሚዎቹም ለራሳቸው የጠየቁትን ነፃነት ማን አብሮ እየተጠቀመበት እንደሆነ ዞር ብለው ማየት ነበረባቸው። ሁለቱም ሲከራከሩ ጎተራ ውስጥ ያለችው ውሻ በሽቦ ወለል ላይ ቆማ ጠበቀች። እሷ ድምፅ አትሰጥም፣ ደብዳቤ አትጽፍም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ "ውሻ ግዙልን" እያሉ የሚያስጨንቋችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። "የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ አለው" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የጥራት ማኅተም እንዳይመስላችሁ። ፈቃዱ ዝቅተኛውን መስፈርት አሟልቷል ማለት እንጂ ምርጥ አራቢ ነው ማለት አይደለም። ፈቃድ የሌለውም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አራት ውሻ ብቻ ያላት ጥሩ አራቢ ልትሆን ትችላለች። ሄዳችሁ እናቲቱን እዩ። እናቲቱን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ ልጁ ቢያለቅስም ውጡ። ሕጉ 50 ዓመት ሲዞር ከርሞ የተመለሰው እዚያው የገዢው ዓይን ላይ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? መስመሩን እናንተ ብታሰምሩ ስንት ላይ ታደርጉት ነበር?