ምችን ሸሽተን ሳንባ ምች

የቡ በቡና ለቀማ ሰሞን ግቢው ሁሉ ስጥ ነው። ቡናው ጠዋት ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል። ጨቅላው ግን «ምች እንዳይመታው» ተጠቅልሎ ጓዳ ይተኛል። ፀሐይዋን ቡናው ብቻ ይሞቃታል ማለት ነው!

ነገሩ ታሪክ አለው (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም አጥንታቸው በሪኬትስ የለሰለሰ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ቆዳችን በፀሐይ እንደሚሠራው ከዚያ ወዲህ ታወቀ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ቱሪስት ጠሩ።

የራሳችን ልጆችስ? በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው 500 ግን 20ው ብቻ። ጎድኑ የለሰለሰ ልጅ በደንብ መተንፈስ ያቅተዋል። ምችን ሸሽተን ሳንባ ምች!

በ2015 የታተመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ አዳማና አካባቢዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ነው። እጥረቱ በከተማ 61.8፣ በገጠር 21.2 በመቶ። ከተሜዎች፣ እኛን ነው!

ታዲያ ክኒን እንግዛ? የጡት ወተት ቫይታሚን ዲው ጥቂት ስለሆነ፣ በብዙ አገር ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ይመከራል። እኛ አዋቂዎቹ ግን መጀመሪያ ከቤት እንውጣ፤ ከመስኮት መስታወት ጀርባ የሚሞቁት ፀሐይ አይቆጠርም። ክኒኑ ሐኪም ካየን በኋላ ይድረስ፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ቡናውን ስናሰጣ ልጁንም እናስታውስ።