መተማ ያደረ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚደምር ሰርቨር



አገሩ መተማ ዮሐንስ ነው፤ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ሲዋጉ የወደቁባት፣ ስማቸውንም ይዛ የቀረች የጠረፍ ከተማ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት፣ ሱዳን ነው። ክረምት ሲገባ ለሰሊጡ አረም፣ መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ለአጨዳው፣ ወጣቱ ከደጋ እየጎረፈ ይወርዳል። ቀን ይሠራል፣ ማታ እዚያው ማሳው ዳር ያድራል። የወባ ትንኝም የምታገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በተሰነጣጠቀው ዋልካና በግራሩ ሥር ውላ ማታ ትወጣለች።

ያ ወጣት ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡ በየወሩ ተቆጥሮ ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ለዚህ የሚጠቀምበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አፓርታይድ በወደቀ ማግሥት ተወጠነ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አሳደገው።

እዚያ ውስጥ የገባ ቁጥር ሁሉ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምን? የት? መቼ? ዕድሜና ፆታ ሲታከሉ ደግሞ አምስት ይሆናሉ። ባለሙያዎቹ ዳይሜንሽን ይሏቸዋል።

አሁን ገንዳ ውሃ ላይ ያለች አንዲት የዞን ባለሙያ፣ «በምዕራብ ጎንደር ባለፉት አምስት ዓመታት የወባ ሕመምተኛው በየወሩ፣ በየወረዳው፣ በዕድሜና በፆታ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች እንበል። ለአፍ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ግን ከጥሬው ሰንጠረዥ በቀጥታ ከሠራ፣ እያንዳንዱን ረድፍ አንሥቶ፣ ይህ ጤና ኬላ የየትኛው ወረዳ ነው፣ ወረዳውስ የየትኛው ዞን፣ ቀኑስ በየትኛው ወር ይገባል እያለ መሰላሉን ይወጣል። ለሚቀጥለውም ረድፍ እንደገና ከታች ይጀምራል። ስክሪኑ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ከመግዛት በፊት ጊዜው የሚያልቀው የት እንደሆነ ይታይ፤ ከዲስክ በማንበብ ነው ወይስ በማስላት? ሁለቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው ለየቅል ነውና።

ማንበቡ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሌሊት ነው። ሠርግ ያለበት ቤት እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ እንጀራ ልጋግር አይልም። ዲኤችአይኤስ 2ም ሰው ሲተኛ ሌላ ሰንጠረዥ ይሠራል። በዚህ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ ወረዳውን፣ ዞኑንና ክልሉን፣ ወሩን፣ ሩብ ዓመቱንና ዓመቱን በየዓምዱ ተሸክሞ ያድራል። ሰንጠረዡም በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ የዘንድሮን የጠየቀ የአምናን አይነካም። መሰላል መውጣቱ በሌሊት አልቋል። ዋጋም አለው፦ ዛሬ የገባ ቁጥር ሰንጠረዡ እስኪታደስ አይታይም። ለወር ሪፖርት ግድ የለም፤ ወረርሽኝ ለሚከታተል ሰው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የቆዩትን ዓመታት ትቶ የቅርቡን ቶሎ ቶሎ ማደስ ይሻላል።

ማስላቱ ከሆነ፣ ጥፋቱ ባዶው የሰንጠረዡ ቤት ላይ ነው። 30 ጤና ድርጅት፣ 60 ወር፣ 20 በሽታ፣ 10 የዕድሜና የፆታ ክፍል አባዙ፤ 360,000 ቤት ይወጣል። አብዛኛው ባዶ ነው፤ ካላ አዛር በየጤና ኬላው አይታከምማ! ጥያቄው መጀመሪያ ቤቶቹን ሁሉ ሠርቶ ከዚያ ቁጥር ያላቸውን ለይ የሚል ከሆነ፣ ማሽኑ በባዶ ሲለፋ ይውላል። ቁጥር ካላቸው ይጀምር፤ ባዶው ከስሌቱ በፊት ይውጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ምዕራብ ጎንደር ራሱን የቻለ ዞን የሆነው የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ሲከፈል ነው። በሥርዓቱ ውስጥ መተማ ወደ አዲሱ ዞን ሲዛወር የድሮ ቁጥሩንም ይዞ ይሄዳል። የድሮውን የወረቀት ሪፖርት ከስክሪኑ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሰሜን ጎንደር ጎድሎ ያገኘዋል። ሕመምተኛ አልጠፋም፤ መሰላሉ ነው የተቀየረው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሊቦ ከምከም ወረዳው ነው። በ1997 ዓ.ም. በወረዳው ከተማ በአዲስ ዘመን ዙሪያ ሰው በትኩሳት ይረግፍ ነበር። ወባ ነው ተባለ፤ የወባው መድኃኒት አልያዘለትም። ሲመረመር ካላ አዛር ሆነ፤ በሽታው በዚያ አካባቢ እምብዛም አይታወቅም ነበር። አጥኚዎች ጥርጣሬያቸውን የጣሉት መተማና ሑመራ ለሥራ ወርደው በሚመለሱት ላይ ነው። «የት ታከመ?» የሚል ዓምድ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ፣ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ መተማንና ሊቦ ከምከምን አያገናኝም። «የት አድሮ መጣ?» የሚለውን መዝገቡ ላይ የጤና ባለሙያው ጠይቆ መጻፍ አለበት፤ ሌሊት የሚደምረውም ያንን ዓምድ መጨፍለቅ የለበትም።

ዓምዱ ሲጨመር ደግሞ ቤቱ ይባዛል። አሥር የሥራ ቦታ ብንይዝ 360,000ው 3,600,000 ይሆናል። ባዶውን አስቀድሞ መጣል ያልተማረ ሰርቨር ይህን ጥያቄ አይችለውም። የጤና መረጃ ባለሙያዎች ሆይ፣ ባዶውን መጣሉን አስቀድሙ፤ ዓምዱን ከዚያ ጨምሩ፤ ሁለቱም የሰሊጥ አጨዳ ሳይደርስ ይለቁ።