ሚስተር ፒፕስ ስንት ያወጣል?

“ደመወዝህ ስንት ነው?” ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቢያፍርም፣ ቢሸሽም፣ መልሱን ያውቀዋል። “ያለህን ሁሉ ደምረህ፣ ዕዳህን ቀንሰህ፣ የሚተርፍህ ስንት ነው?” ብትሉት ግን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። ለዚህ ስሌት ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሞልቷል። ነገሩ ግን የስልክ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ከ360 ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወር ባለቀ ቁጥር ሻማ አብርቶ ይሄንኑ ያሰላ ነበር።

ሳሙኤል ፒፕስ ይባላል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1660 የዕለት ማስታወሻውን ሲጀምር 26 ዓመቱ ነበር። ገና በመጀመሪያው ገጽ ሰው ሀብታም እንደሚመስለው፣ እውነቱ ግን ድሀ እንደሆነ ይናዘዛል። (የሠፈር ወሬና የኪስ እውነት የሚለያዩት ዛሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።) በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ ሂሳቡን ሲያስብ ወደ 100 ፓውንድ ገደማ እንዳለው አገኘ። ወዲያው በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ተሾመ፤ ደመወዙም በዓመት 350 ፓውንድ ሆነ።

እናላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነበት። ወር ሲያልቅ ሂሳቡን ይዘጋል፣ የደረሰበትን ይጽፋል፣ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ቁጥሩ ሲቀንስ ደግሞ ይደነግጣል። ወይንና ቲያትር ኪሱን እንዳራቆቱት ሲገባው መሐላ ገባ፤ መሐላውን ካፈረሰ ለድሆች ሳጥን ቅጣት ይከፍላል። ኦክቶበር 1663 ላይ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደገባ ቢመረምር አብዛኛው ልብስ ላይ መዋሉን አገኘ። ለሚስቱ የወጣው 12 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ለራሱ የወጣው 55! “ሚስቴ ጨረሰችኝ” የምትሉ ወንድሞች፣ መጀመሪያ ደምሩ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የቁጠባ ክበብ ትምህርት ይመስላል። ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። 1665 ሲገባ 1,300 ፓውንድ ገደማ የነበረው ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 4,400 ደረሰ። በ1666 መጨረሻ ከ6,200 አለፈ። በ350 ፓውንድ ደመወዝ?

መልሱን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ኤፕሪል 1663 ላይ አንድ የመርከብ ካፒቴን ደብዳቤ ሰጠው። ፒፕስ በእጁ ሲይዘው ውስጡ ገንዘብ እንዳለ ገባው። ቢሮው ገብቶ ፖስታውን ቀደደ፤ ገንዘቡ ሁሉ ተራግፎ እስኪያልቅ ግን ወደ ውስጥ አልተመለከተም። ለምን? ምናልባት አንድ ቀን ቢጠየቅ “ወረቀቱ ውስጥ ገንዘብ አላየሁም” ብሎ መመስከር እንዲችል! አንድ የወርቅ ሳንቲምና 4 ፓውንድ በብር ነበር። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን የእኛን ተረት ሰውዬው ሳይሰማው ኖሮበታል።

ሀብቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያደገበት 1665 ደግሞ ለንደን በወረርሽኝ ያለቀችበት ዓመት ነው። በመዝገብ የሰፈረው የሟች ቁጥር ብቻ ከ68 ሺህ ይበልጣል። ፒፕስ ግን በዓመቱ መጨረሻ እንደዚያ ዘመን ተደስቶ ኖሮ እንደማያውቅ ጻፈ። መዝገቡ ምን ያህል እንዳተረፈ ይናገራል፤ በምን ዓይነት ዓመት እንዳተረፈ ግን አይናገርም።

ከዚያ ጁን 1667 ላይ የሆላንድ መርከቦች በሜድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች አቃጠሉ። ከተማው ተሸበረ። ፒፕስ ሚስቱንና አባቱን 1,300 ፓውንድ ገደማ ወርቅ አስይዞ ወደ ገጠር ላከ። እነሱም በጠራራ ፀሐይ፣ የአትክልቱ ቦታ መሐል ቆፍረው ቀበሩት። ኦክቶበር ላይ በፋኖስ ሊያወጣው ሲሄድ ከረጢቶቹ በስብሰው ሳንቲሙ ከአፈር ጋር ተደባልቆ አገኘው። ሌሊቱን ጭቃ ሲያጥብ አደረ፤ ሲቆጥረውም የጎደለ ነበር። ወረቀት ላይ የተጻፈ ሀብትና እጅ ላይ ያለ ሀብት ምን ያህል እንደሚራራቁ የተማረው በዚያች ሌሊት ይመስለኛል።

አንድ ዕድል ግን ነበረው። ፓውንዱ በብርና በወርቅ ክብደት የታሰረ ስለነበር የዘንድሮውን ቁጥር ካምናው ጋር ማወዳደር ይችል ነበር። እኛስ? በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ዘለለ። ጁላይ 2024 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 100 ሺህ ብር ያጠራቀመ ልጅ ደብተሩ ላይ ያው 100 ሺህ ነው፤ በዶላር ሲታይ ግን ከ1,700 በላይ የነበረው ከ1,000 በታች ወርዷል። ስለዚህ ወገን፣ ያላችሁን ስትመዘግቡ ከብሩ ጎን ብሩ ምን ይገዛ እንደነበር ጻፉ፤ የኩንታል ጤፍ ዋጋም ቢሆን ይበቃል። አለዚያ ደብተሩ ከፍ ሲል እናንተ ዝቅ ልትሉ ትችላላችሁ።

ፒፕስ ዓይኑ ስለደከመ በ1669 ማስታወሻውን መጻፍ አቆመ። በ1703 ሲሞት የእንግሊዝ ዘውድ ከ28 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት፤ በማስታወሻው ስለ ራሱ ሀብት ከጻፋቸው ቁጥሮች ሁሉ የሚልቅ ነው። ሰነዱ አለ፣ ሂሳቡ ትክክል ነው። ገንዘቡ ግን እስከዛሬ አልተከፈለም።