ጡረታ ሲወጡ ወዴት? የቀደሙት ሰዎች ያደረጉት



በአንድ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አባት «ልጆቼ ካሉበት አገር ሆነው ‹አባባ ና፣ ከእኛ ጋር ኑር› ይሉኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለው ጠየቁን። አንዱ «ይሂዱ» አለ፤ ሌላው «ይቅሩ» አለ። ነገሩ ለወግዲና ለመካነ ሰላም ሰው አዲስ ይምሰል እንጂ በታሪካችን የቆየ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ምን እንዳደረጉ ባጭሩ ላውጋችሁ።

ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ከየመን ዘመቻ በኋላ መንግሥቱን ትቶ መነነ ይባላል። ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፤ እሱ ግን አክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ተቀመጠ። ልቡን ልኮ ሥጋውን አገሩ አስቀረ ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ በእርጅና የሚመኙት የውጭ አገር ለክርስቲያኑ ኢየሩሳሌም፣ ለሙስሊሙ መካና መዲና ነበር። ባሏ የሞተባት እናት፣ ልጆቹን ለቁም ነገር ያበቃ አዛውንት ቆብ ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ይጓዝ ነበር። ሲሄድ ግን ሜዳ ላይ አይወድቅም። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የእኛው ዴር ሡልጣን አለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከከተማው ቅጥር ውጭ ያስጀመሩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በዙሪያው ቤት እየሠሩ ኪራዩ ለመነኮሳቱ መኖሪያ እንዲሆን ሰጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ወገን፣ ማደሪያ፣ ቀለብ፣ ኋላም ቀባሪ ተዘጋጅቶ ነው የሚሄዱት። ይህ ከዕድር በምን ይለያል?

እንዲያም ሆኖ ባዕድ አገር ባዕድ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ወረርሽኝ ገብቶ የዴር ሡልጣን መነኮሳት አለቁ ለማለት ይቻላል። ቁልፉም በግብጾች እጅ ገባ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም።

መሄድ ፈልጎ የቀረም አለ። እቴጌ ጣይቱ ዐፄ ምኒልክ ካረፉ በኋላ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ኢየሩሳሌም ልሂድ ብለው ቢጠይቁ ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ አረፉ። ምኞት ቢኖርም ጊዜው ካለፈ አይሆንም።

የእኛው የወሎ፣ የአምባሰል ልጅ እቴጌ መነን ደግሞ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተሰደዱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዝተው ነበር። ብርዱ ለእቴጌይቱ ጤና ስላልተስማማ በስደቱ ዘመን አያሌ ጊዜ ኢየሩሳሌም ተቀመጡ። ቤቱንም ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማው ሰጡ። ለእቴጌ ያልተስማማ ብርድ ለእኛ ይስማማል ብለን መድፈር የለብንም።

ዛሬ ደግሞ ወረቀት የሚባል ነገር ተጨምሯል። አሜሪካ በመኖሪያ ፈቃድ የገባ ሽማግሌ፣ 65 ዓመት ቢሞላውም፣ ሜዲኬር የሚባለውን የሕክምና መድን ከፍሎ ለማግኘት እንኳ እዚያ አምስት ዓመት መቀመጥ አለበት። ያለ ፈቃድ ከዓመት በላይ ወጥቶ ከቆየ መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል። ዜግነት ከለወጠ ደግሞ የእኛ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሰጥቶ ያለ ቪዛ እንዲገቡ በር ከፍቷል።

ታዲያ ለእኚያ አባት መልሴ ይህ ነው። ልጆቹ ሥራ ውለው እስኪመለሱ ማን ያጫውትዎታል? ሲታመሙ ማን ይከፍላል? ሲያርፉ የት ይቀበራሉ፣ ሬሳዎ ይመጣል ካሉስ ወጪው ከማን ኪስ ነው? እነዚህን ከልጆችዎ ጋር ቁርጥ አድርገው ይነጋገሩ። አስቀድመው አንድ ክረምት፣ ብርዱን ማለቴ ነው፣ ከርመው ይዩት። ሳያዩት ግን ቤትዎን አይሽጡ፤ የዕድር መዋጮዎንም አያቋርጡ። ተመልሰው ቢመጡ ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው፤ ቦታዎም አይጠፋም።

ለሁላችንም ያማረ ዕረፍት ይስጠን።