ከ«ሜክ» እስከ «ቪት»፦ የመገንቢያ መሣሪያዎች ታሪክና ጀማሪው



ጀማሪ የድር መተግበሪያውን ለሕዝብ አገልግሎት ለማብቃት የትኛውን የመገንቢያ መሣሪያ ይምረጥ? ጥያቄው የዛሬ ይምሰል እንጂ ሥሩ ከድር መፈጠር በፊት ወደ 1976 ይመለሳል (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በዚያ ዓመት ስቱዋርት ፌልድማን በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ «ሜክ»ን ጻፈ። መነሻው የባልደረባው የስቲቭ ጆንሰን ምሬት ነበር፤ ጆንሰን ትክክለኛ በሆነ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ረፋዱን አባክኖ ነበር። ስሕተቱ አስቀድሞ ታርሟል፤ የታረመው ፋይል ግን ዳግመኛ ኮምፓይል አልተደረገም። ሜክ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ተነግሮት የተለወጠውን ብቻ እንደገና ይሠራል።

ሆኖም በሜክ ደንብ የትእዛዝ መስመር በ«ታብ» መጀመር ነበረበት፤ በተራ ክፍት ቦታ ከተጀመረ አይሠራም። ዐይን ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ፌልድማን በኋላ እንደተረከው፣ ጉድለቱን ቢያውቅም ዐሥራ ሁለት ያህል የነበሩትን ተጠቃሚዎቹን ላለማስቸገር ሲል ሳያርመው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጀማሪ እንደተደናቀፈባት ማን ይቈጥራል!

ድር በመጀመሪያ ዘመኑ መገንቢያ አላሻውም፤ ፋይልን በኤፍ.ቲ.ፒ. ወደ ሰርቨር መላክ ይበቃ ነበር። ጃቫስክሪፕት ሲበረክት በ2012 «ግራንት» እና «ዌብፓክ»፣ በ2013 «ገልፕ» መጡ። ዌብፓክ ኀይለኛ ነው፤ የማዋቀሪያ ፋይሉ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። በ2016 ፌስቡክ ያወጣው «ክሪኤት ሪያክት አፕ» ይህን ሁሉ ከአንድ ትእዛዝ ጀርባ ሸሸገው። ጀማሪው ተደሰተ። አንዲት ነገር ለመለወጥ ሲፈልግ ግን የሚሰጠው «ኢጀክት» የተባለ ትእዛዝ ነበር፤ እርሱም የተሸሸገውን ማዋቀሪያ በሙሉ ፊቱ ላይ ይዘረግፍበታል፤ መመለሻም የለውም። እኔ ይህን ማቅለል አልለውም፤ ዕዳን ማስተላለፍ ነው። መሣሪያው በየካቲት 2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ ባለቤቶቹ ራሳቸው አስታወቁ።

በ2017 የወጣው «ፓርስል» ያለ ማዋቀሪያ መጀመርን ዋና መለያው አደረገ። በ2020 ኢቫን ዩ ያወጣው «ቪት» ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፦ በሥራ ጊዜ ፋይሎቹን ሁሉ ከመጠቅለል ይልቅ ብራውዘሩ ራሱ ሞጁሎችን መጫን መቻሉን ተጠቀመበት። የቪት ማዋቀሪያ አጭርና ከመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ እኔም ለጀማሪ የምመርጠው እርሱን ነው። የግንባታው ውጤት «ዲስት» የተባለ አቃፊ ነው፤ ተማሪው ከፍቶ ያየዋል፣ ወደ ማንኛውም የድር ሰርቨር ይልከዋል፤ ቢሻ በዚያው በጥንቱ ኤፍ.ቲ.ፒ.።

የቪትም «ታብ» አለችው። መተግበሪያው በድረ ገጹ ሥር ሳይሆን በንዑስ አቃፊ ውስጥ ከተቀመጠና «ቤዝ» የተባለው መስመር ካልተስተካከለ፣ በተማሪው ኮምፒውተር ላይ ያማረው ሥራ በሰርቨሩ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ሆኖ ይታያል። ይህችን መስመር ከመጀመሪያው ግንባታ በፊት ማሳየት የአስተማሪው ሥራ ነው።