ጎልያድ እንቁራሪት፦ ድንጋይ እየገፋ ጎጆ የሚሠራው ግዙፍ እንስሳ

ስሙን በመጽሐፍ ቅዱስ ከሚታወቀው ግዙፍ ተዋጊ ያገኘው ጎልያድ እንቁራሪት በምድራችን ካሉት የእንቁራሪት ዝርያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1906 በሳይንስ የተመዘገበ ሲሆን፣ በተፈጥሮ የሚኖረው በካሜሩንና በኢኳቶሪያል ጊኒ ብቻ ነው። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ እንቁራሪት የእግሮቹ ርዝመት ሳይታሰብ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝምና ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል።

መኖሪያው በደን የተከበቡ፣ ድንጋያማና ፈጣን ወንዞች፣ በተለይም የፏፏቴ አካባቢዎች ናቸው። ሌሊት ወደ ዳርቻው እየወጣ ነፍሳትን፣ ሸርጣኖችንና አነስተኛ እንቁራሪቶችን ያድናል። እንደ አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ድምፅ የሚያጎላ የጉሮሮ ከረጢት ስለሌለው፣ ወንዱ አፉን ከፍቶ ፉጨት መሰል ድምፅ ያሰማል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ በካሜሩን ምፑላ ወንዝ ላይ የተካሄደ ጥናት የዚህን እንስሳ ልዩ ልማድ አሳይቷል። እንቁራሪቱ በወንዙ ዳር ከሚገኙ የውኃ ጉድጓዶች ቅጠልና ኮረት ይጠርጋል፤ አንዳንዴም እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ እየገፋ ዙሪያውን ይከትራል። በዚህ መልክ የተዘጋጀው ጎጆ እንቁላሉንና እጩን ከኃይለኛ ጅረትና ከአዳኞች ይከላከላል። ወላጁም ሌሊት ጎጆውን ሲጠብቅ ታይቷል። እጩ ከሌሎች እንቁራሪቶች እጭ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ግዙፍነቱ የሚመጣው ከጊዜ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ እንቁራሪቱ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል ሰፍሯል። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ለምግብነት መታደኑ ነው። ለቤት እንስሳነት ተይዞ መሸጡም ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ከዚህ በተጨማሪ ደን ለእርሻና ለጣውላ ሲመነጠር የሚታጠበው አፈር ወደ ወንዙ ገብቶ የመራቢያ ሥፍራዎቹን በደለል ይሞላል። ጎጆው የሚሠራው በጠራ ውኃ ዳር በመሆኑ፣ አደኑ ቢገታ እንኳ የተፋሰሱ ደን ካልተጠበቀ ዝርያውን ማትረፍ አዳጋች ይሆናል።

የጎልያድ እንቁራሪት የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ በመጠኑ ግን የሚያንስ ሌላ ዝርያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛል። እርሱም ሕይወቱ ከወንዞች ጋር የተሳሰረ ነው።