የተሰካ ላፕቶፕ ስለ ምን ይዘገያል? ስለ ባሌ ደጋ ኮረንቲና ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት አጭር የታሪክ ማስታወሻ

በሮቤና በጎባ ከተሞች፣ እንዲሁም ከሳነቲ ወርዶ ወደ ሃረና ደን በሚወስደው መንገድ ባሉት መንደሮች፣ ላፕቶፕ ይዞ ለሚሠራ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያጋጥመው እንግዳ ነገር አለ። ይኸውም መኪናው በባትሪው ብቻ ሲሠራ ፈጣን ሆኖ ሳለ፣ ሶኬት ላይ በተሰካ ጊዜ እንደ ደከመ በቅሎ መጐተት መጀመሩ ነው። ለዚህም ወዲያው የሚሰጠው ምክንያት «የባሌ ኮረንቲ ነው ያበላሸው» የሚል ነው። ፍርዱ እንዲህ ከሆነ በኋላ አንዱ ስታቢላይዘር ይገዛል፤ ሌላው መኪናውን ፎርማት ያስደርጋል፤ ፎርማት ሲደረግም ያልተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለተማሪ ትንሽ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ኮረንቲው በቀጥታ በደለኛ አለመሆኑን፣ ነገር ግን ፈጽሞ ንጹሕም አለመሆኑን ከታሪኩ ተነሥቶ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ኮረንቲው ስለ ምን እንደሚከሰስ እንመልከት። ኤሌትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥት መብራት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባና የጥቂት ከተሞች ንብረት ሆኖ ኖረ። በ1952 ዓ.ም. በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምርም ጥቅሙ በይበልጥ የታየው በመካከለኛው አገር ነበር። ለባሌ ቅርብ የሆነው ታላቅ የኃይል ማመንጫ፣ ማለትም በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ በአዳባ በኩል የሚገኘው መልካ ዋከና፣ በሶቪዬት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ሥራ ጀመረ። ኃይሉም በአራት ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ምንጩ በአጠገብ መኖሩ ብቻውን በቤት ውስጥ ያለውን ኮረንቲ የጸና አያደርገውም። መብራት ይጠፋል፤ ይመለሳል፤ በተመለሰ ጊዜም ከልክ በላይ ዘልሎ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ሕዝቡ የኤሌትሪክ ዕቃ በተበላሸ ቍጥር ጣቱን ወደ ምሶሶው ቢያመለክት አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የላፕቶፕ ቻርጀር እንደ ምጣድ ወይም እንደ አምፑል አይደለም። አብዛኛው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ የሚመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ የሚያወጣው አንድ ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ 19 ወይም 20 ቮልት ያህል ነው። ስለዚህ 220 መሆን የሚገባው ኮረንቲ ወደ 170 ዝቅ ቢል አምፑሉ ይደበዝዛል እንጂ ፕሮሰሰሩ ልዩነቱን እንኳ አያውቅም። ስታቢላይዘሩም ለማቀዝቀዣ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንም።

ታዲያ የሚያዘገየው ማን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ፕሮሰሰር መዘግየትን እንዴት እንደ ተማረ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ዘመን ፕሮሰሰር አንድ ፍጥነት ብቻ ነበረው። ላፕቶፕ እየተለመደ ሲሄድ ግን የባትሪው ማለቅ አሳሳቢ ሆነ፤ ኢንቴልም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ባወጣው 386ኤስኤል በተባለው ፕሮሰሰር ውስጥ ለኃይል ቍጠባ የሚያገለግል ልዩ አሠራር አስገባ። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በጥር 2000 ነው። ያን ጊዜ ስፒድስቴፕ የተባለው ብልኀት ወጣ፤ ይኸውም 650 ሜጋ ኸርዝ የነበረው የላፕቶፕ ፔንቲየም 3 ከሶኬት ሲነቀል ወደ 500 ሜጋ ኸርዝ፣ ቮልቱም ከ1.6 ወደ 1.35 እንዲወርድ የሚያደርግ ነበር። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱና ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቍጥር ጋር አብሮ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ራሱ ቢያሰላው ፍጥነቱ በሩብ ያህል ብቻ ሲቀንስ የኃይሉ ፍጆታ ወደ ግማሽ መጠጋቱን ያገኘዋል። የዚያን ጊዜው ሕግ እንግዲህ ግልጽ ነበር፤ ሲሰካ ፈጣን፣ ሲነቀል ዝግተኛ። የእኛ መኪና የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሕጉ የተገለበጠው ፕሮሰሰሩ ሌሎች አዛዦች ስለ ተሾሙበት ነው። የመጀመሪያው አዛዥ ሙቀት ነው። በ2000 መጨረሻ የወጣው ፔንቲየም 4 ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚያዘገይ መሣሪያ በውስጡ ነበረው፤ መሞቁንም ፕሮክሆት በተባለ የምልክት መስመር ለውጭ ያስታውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ መስመር በሁለት በኩል የሚሠራ ሆነ፤ ማለትም ፕሮሰሰሩ ለውጭ መናገር ብቻ ሳይሆን ከውጭም ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሞቅ በማዘር ቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ተቈጣጣሪ «ቀስ በል» ብሎ ሊያዘው ይችላል፤ እርሱም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይታዘዛል።

ተቈጣጣሪው እንዲህ የሚያዝበት አንዱ ምክንያት የቻርጀሩ ማንነት ነው። በዴል ላፕቶፖች ላይ ለብዙ ዘመን የሠራውን ክብ መሰኪያ የተመለከተ ሰው በመካከሉ ቀጭን መርፌ ያያል። በዚያች መርፌ አማካይነት ቻርጀሩ «እኔ የ65 ዋት ነኝ»፣ «እኔ የ90 ዋት ነኝ» እያለ ራሱን ያስታውቃል። መርፌዋ ከተጣመመች፣ ወይም ቻርጀሩ ይህን የሚናገርበት ክፍል ከሌለው፣ መኪናው ማንነቱን ያልነገረውን እንግዳ አያምንም፤ ባትሪውን አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩንም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያወርደዋል። በተነቀለ ጊዜ ግን የሚያምነው የራሱ ባትሪ ስለ ሆነ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ኮረንቲው በተዘዋዋሪ ጥፋተኛ የሚሆነውም በዚህ ቦታ ነው። ዘልሎ የመጣው ኮረንቲ ከመኪናው ጋር የመጣውን እውነተኛ ቻርጀር ያቃጥላል፤ ባለቤቱም ከገበያ መሰኪያው ልክ የገባለትን፣ ዋጋውም የቀለለውን ይገዛል። መብራቱ በራ፤ ነገሩ አለቀ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናው በሶኬት ላይ ዝግተኛ ነው። በመካከሉ ሳምንታት ስለሚያልፉ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የሚያያይዝ ሰው ጥቂት ነው።

ሌላው ምክንያት የባትሪው መሞት ነው። ብዙ ሰው ባትሪ ለጉዞ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ለቅጽበት ብዙ ኃይል ሲፈልግ ቻርጀሩ ብቻውን ስለማይበቃ ባትሪው ይረዳዋል። አፕል በማክቡኮቹ ላይ ባትሪው ሲወጣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በራሱ እንዲቀንስ አድርጎ ነበር፤ ይህንንም ለደንበኞቹ በጽሑፍ አስታውቋል። ባትሪው ሞቶ «ሁልጊዜ ተሰክቶ ብቻ ይሠራል» የሚባለው አሮጌ ላፕቶፕም በዚሁ ሕግ ሊዘገይ ይችላል። በትእዛዙ ውስጥ የሠሪው ስሕተት ሊኖርበት እንደሚችልም አይካድም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የዴል ላቲቲዩድ ኢ6500 ባለቤቶች መኪናቸው ከመጠን በላይ እንደሚዘገይ በዝርዝር መዝግበው አቤት ባሉ ጊዜ፣ ኩባንያው መፍትሔ ብሎ ያወጣው አዲስ ባዮስ ነበር እንጂ አዲስ ፕሮሰሰር አልነበረም።

ስለ አገሩ ከፍታ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ሮቤ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ የላፕቶፕ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሃረና ከመድረሱ በፊት ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቲ ላይ ያልፋል፤ ብዙ ሠሪዎች ግን ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ 3048 ሜትር ድረስ ነው። ቢሆንም የደጋው ብርድ የአየሩን መሳሳት ስለሚያካክስ ከፍታውን ዋና ተከሳሽ ማድረግ አይገባም። ማራገቢያውን የሞላው አቧራና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው ቅባት ከከፍታው ይልቅ ይጐዳሉ። ከዚህም በቀር ሙቀት ሲሰካም ሲነቀልም ያዘገያል፤ የሚጀምረውም ከጥቂት ጊዜ ሥራ በኋላ ነው። የቻርጀር ነገር ግን በተሰካበት ቅጽበት ይጀምርና በተነቀለበት ቅጽበት ያበቃል።

እንግዲህ ይህ የደረሰበት ሰው ፎርማት ከማስደረጉ አስቀድሞ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይመልከት። ሲሰካ 0.8 ጊጋ ኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የሚቆም፣ ሲነቀል ግን ከ2 በላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ትእዛዙ ከኃይል በኩል መጥቷል ማለት ነው። በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ለተሰካና ላልተሰካ ጊዜ የተለያየ ልክ ስለሚሰጥ፣ የተሰካው ከመቶ በታች ተደርጎ እንደ ሆነ ያንን ማረም ምንም ወጪ የለውም። ቀጥሎ በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማባዛት ነው፤ 19.5 በ3.34 ሲባዛ 65 ዋት፣ በ4.62 ሲባዛ 90 ዋት ይሆናል። ለጥናት ወደ ሃረና የሚወርድ ተማሪ ከፀሐይ ኃይል ላይ በ20 ዋት የስልክ ቻርጀር ላፕቶፑን ቢሰካ፣ መኪናው ቢዘገይ ሊያስደንቀው አይገባም። ከዚያ በኋላ ከጓደኛ ትክክለኛ ቻርጀር ተውሶ መሞከር ነው።

ስሮትልስቶፕ በሚባለው ፕሮግራም ከውጭ የሚመጣውን የፕሮክሆት ትእዛዝ መዝጋት የሚቻል መሆኑ እውነት ነው፤ በጠጋኞችም ዘንድ ይሠራበታል። የተጣመመች መርፌ ብቻ ከሆነች ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ቻርጀሩ በእውነት ደካማ ከሆነ ግን ሊሸከም የማይችለውን ጭነት ተጭኖ ይግላል፤ በሌሊት አልጋ ላይ ተሰክቶ የሚያድር የጋለ ቻርጀርም ከዝግተኛ ላፕቶፕ የከፋ ነገር ያመጣል።